ጥናቱ ተጠና፤ ከዚያስ?

ርእሰ አንቀጽ

አንድ ችግር ከብዶ መፍትሔ ሲጠፋለት፣ ወይም መፍትሔው ታውቆ ደፍሮ የሚፈጽመው ሰው ሲታጣ፣ መንግሥታት ሁሉ የሚያውቁት አንድ መውጫ አለ፤ ይኸውም አጥኚ ኮሚሽን ማቋቋም ነው። ሕዝብ ይጮኻል፤ ጋዜጣ ይጽፋል፤ ሹሙም ብቅ ይልና «ጉዳዩን በጥልቅ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁመናል» ይላል። የታወቁ ሰዎች ስም በዝርዝር ይነበባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ጩኸቱም ጋብ ይላል። ከዓመት በኋላ ወፍራም ጥራዝ ለሹሙ ይቀርብለታል፤ ሹሙም አመስግኖ ይቀበላል። ከዚያስ? የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን የሚጠይቀው ይህችን አንዲት ቃል ነው።

ጥናትን ልንነቅፍ አልተነሣንም። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሆነን ጥናትን ብንነቅፍ የራሳችንን እንጀራ መግፋት ይሆንብናል። ሳያጠኑ መወሰን ምን እንደሚያስከትልም አገራችን በብዙ ዋጋ ተምራዋለች። ክርክራችን ሌላ ነው። አማካሪ ምክር ቤትም ሆነ አጥኚ ኮሚሽን የሚመዘነው በአባላቱ ዝናና በሪፖርቱ ውፍረት ሳይሆን በሦስት ጥያቄዎች ነው እንላለን። አንደኛ፣ ነገሩ የሚነካቸውን ሰዎች ተቀምጦ ሰምቷልን? ሁለተኛ፣ የደረሰበትን ሁሉም እንዲያነበው በጊዜው አውጥቷልን? ሦስተኛ፣ ለቀረበለት ሐሳብ «እሺ» ወይም «እምቢ፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ የሚመልስ ባለሥልጣን አለን? ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጥናቱ ያነክሳል፤ ሦስቱም ሲጎድሉ ግን ጥናት መባሉ ይቀርና የጩኸት ማብረጃ ይሆናል።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። አማካሪ ምክር ቤትና አጥኚ ኮሚሽን የመንግሥት የዘወትር መሣሪያ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት፤ ይልቁንም በየግዛቶቿ መንግሥታት ዘንድ። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከዚያ እንጀምርና ወደ አገራችን፣ ከዚያም ወደ ግቢያችን እንመለሳለን። የአሜሪካኑን ዘመን በፈረንጆች፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

በአሜሪካ ግዛቶች አጥኚ አካል የሚያቋቁመው የግዛቱ አገረ ገዥ በትእዛዝ፣ ወይም የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሕግ ነው። ዓይነቱ ሁለት ነው። አማካሪ ምክር ቤት የሚባለው በአብዛኛው ቋሚ ሆኖ አንድን መሥሪያ ቤት በትምህርት፣ በጤና ወይም በእርሻ ጉዳይ ይመክራል። ልዩ አጥኚ ኮሚሽን የሚባለው ግን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተቋቁሞ ሪፖርቱን ሲያስረክብ ይበተናል። ሁለቱም በመሠረቱ የመምከር እንጂ የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም። ዳሩ ግን የመጠየቅ ሥልጣናቸው እንደ አቋቋማቸው ይለያያል። ኒው ዮርክ በ1907 ባወጣችው፣ ሞርላንድ አክት በሚባለው ሕግ መሠረት አገረ ገዥው የማናቸውንም የግዛት መሥሪያ ቤት አሠራር የሚመረምሩ ሰዎች ሊሾም ይችላል፤ እነርሱም ምስክር አስገድደው ሊጠሩና ሰነድ ሊያስቀርቡ ይችላሉ። ካሊፎርኒያም በ1967 ባወጣችው ሕግ የግዛቱ ቦርዶችና ኮሚሽኖች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ደንግጋለች። እንግዲህ መምከር ብቻውን ጥርስ የሌለው ነገር ነው ብለን እንዳንደመድም፣ ሕግ ጥርስ ሊያበቅልለት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በማርች 25 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል በሚባል የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው የነበረው ከአንድ ሕንፃ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቆች ላይ ነው። በ9ኛው ፎቅ አንዱ የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መሰላልም እስከዚያ ከፍታ አልደረሰም። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ከአውሮፓ በስደት የመጡ ወጣት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ።

ከሦስት ወር በኋላ የግዛቱ ምክር ቤት የፋብሪካዎች መርማሪ ኮሚሽን በሕግ አቋቋመ። የኮሚሽኑን አቋቋም ልብ ብለን እንመልከተው። ሊቀ መንበሩ ሴናተር ሮበርት ዋግነር፣ ምክትሉ አል ስሚዝ ነበሩ፤ ሁለቱም በየምክር ቤታቸው የአብላጫው ወገን መሪዎች ናቸው። ይህም ማለት ሐሳቡን የሚያቀርቡት ሰዎችና ሐሳቡን ሕግ አድርገው ሊያሳልፉ የሚችሉት ሰዎች እነዚያው ነበሩ ማለት ነው። ከአባላቱ መካከል የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪ ሳሙኤል ጎምፐርስ፣ ለሴት ሠራተኞች መብት የምትታገለው ሜሪ ድራየርም ይገኙ ነበር። ኮሚሽኑ ምስክር አስገድዶ የመጥራት ሥልጣን ተሰጠው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 1,836 የሥራ ቦታዎችን መረመረ፤ የ222 ምስክሮችንም ቃል በአደባባይ ሰማ። ከመርማሪዎቹ አንዷ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ነበረች፤ ያን ቃጠሎ በዓይኗ ያየች ሴት ናት። እርሷም የኮሚሽኑን አባላት በቢሮ ተቀምጠው ወረቀት እንዲያነቡ አልተወቻቸውም። ሴናተር ዋግነርን «የእሳት አደጋ መውጫ» ተብሎ በተሰየመ ጠባብ ቀዳዳ በደረታቸው እንዲሳቡ አደረገቻቸው፤ ወዲያ ማዶ የጠበቃቸውም በረዶ የጋገረበት የብረት መሰላል ነበር።

ኮሚሽኑ ሥራውን እስከጨረሰበት እስከ 1915 ድረስ ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ። በሥራ ሰዓት በር መቆለፍ ተከለከለ፤ የእሳት አደጋ ልምምድ ግዴታ ሆነ፤ የሕፃናት ሥራ ተገደበ፤ የግዛቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም እንደገና ተደራጀ። ፐርኪንስ በ1933 የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች፤ በአሜሪካ ካቢኔ ውስጥም የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የዋግነር ስም የተሰጠው የሠራተኞች የመደራጀት ሕግም በ1935 ወጣ። ያ የተቃጠለው ሕንፃ አልፈረሰም፤ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ሆኖ የእኛ ቢጤ ተማሪዎች ይማሩበታል። ሦስቱም ጥያቄዎች «አዎን» የሚል መልስ ሲያገኙ ኮሚሽን ምን ሊሠራ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ይህን ይመልከት።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንግለጥ። በጁላይ 1919 በቺካጎ በነጮችና በጥቁሮች መካከል ግጭት ተነሥቶ 38 ሰዎች ሞቱ። የኢሊኖይ ግዛት አገረ ገዥ ፍራንክ ሎውደን ስድስት ጥቁሮችና ስድስት ነጮች ያሉበት ባለ 12 አባላት ኮሚሽን አቋቋሙ። ጥናቱን በዋናነት የመራው ቻርልስ ጆንሰን የተባለ ወጣት የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ነበር። ኮሚሽኑ መኖሪያ ቤቱን፣ የሥራ ቅጥሩን፣ ጋዜጣውን፣ ፖሊሱንና ፍርድ ቤቱን ሁሉ መረመረ፤ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ፣ ሊቃውንት ዛሬም ድረስ የሚያደንቁት መጽሐፍ በ1922 አሳተመ። የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሷል፤ ሁለተኛውም ተመልሷል። ሦስተኛውስ? ኮሚሽኑን የሾሙት አገረ ገዥ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በ1921 መጀመሪያ ከሥልጣን ወርደው ነበር። ለቀረቡት ሐሳቦች መልስ እንዲሰጥ በሕግ የተገደደ ማንም አልነበረም። በከተማይቱ ጥቁሮች ቤት እንዳይከራዩና እንዳይገዙ የሚያግዱ የባለንብረቶች ውሎች እንዲያውም ተስፋፉ። እነዚህ ውሎች በፍርድ ቤት እንዳይጸኑ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው በ1948 ነው።

በ1935 በኒው ዮርክ ሃርለም ሁከት ሲነሣ የከተማይቱ ከንቲባ ላጓርዲያ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሪፖርቱ ሲቀርብላቸው ግን አላሳተሙትም፤ በ1936 አምስተርዳም ኒውስ የተባለው የሃርለም ጋዜጣ አግኝቶ አወጣው። በ1943 ሃርለም እንደገና ተነሣ። በኦገስት 1965 በሎስ አንጀለስ ዋትስ በሚባለው ሠፈር በተነሣው ሁከት 34 ሰዎች ሞቱ፤ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ፓት ብራውንም በጆን ማኮን የሚመራ ስምንት አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሪፖርቱም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ቀረበ። ይህ ኮሚሽን ከጠቆማቸው ጉድለቶች አንዱ የሠፈሩ ሕዝብ በቅርብ የሚታከምበት በቂ ሆስፒታል ማጣቱ ነበር፤ ሆስፒታሉ በ1972 ተከፈተ። ፍሬ አላፈራም አንልም። ዳሩ ግን የዚያ ኮሚሽን ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት ዋረን ክሪስቶፈር ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ በዚያችው ከተማ የፖሊሱን አሠራር የሚመረምር ሌላ ኮሚሽን መሪ ሆነው ተመለሱ። ሪፖርታቸውን ባቀረቡ በዓመቱ ከተማይቱ እንደገና ተቃጠለች፤ ከ50 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። በጁን 1992 መራጮች በድምፃቸው የከተማይቱን ቻርተር ለውጠው የፖሊስ አዛዡን የሥራ ዘመን ወሰኑ። ለሪፖርቱ መልስ የሰጠው በመጨረሻ ሕዝቡ ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

ኬኔት ክላርክ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1967 የኢሊኖይ አገረ ገዥ ኦቶ ከርነር በመሩት የፌዴራል ኮሚሽን ፊት ለምስክርነት ቀርበው ያሉት ለዚህ ነው። የ1919ኙን ሪፖርት አንብቤ፣ የ1935ቱን፣ የ1943ቱንና የዋትሱን ሳነብ አንድ ፊልም ደጋግሞ እንደሚታይ ሆነብኝ፤ ምርመራው ያው፣ ምክሩ ያው፣ አለመፈጸሙም ያው ነው የሚል መንፈስ ያለው ቃል ነበር የተናገሩት። የእኛ አባቶች ይህን በአጭሩ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይሉታል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1964 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተካሄደ፤ ሕዝቡ «ሴክተር ሪቪው» እያለ የሚያስታውሰው ነው። የሚኒስቴሩ ሰዎች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የውጭ አገር አማካሪዎች ተሳተፉበት፤ የዓለም ባንክም ደገፈው። ጥናቱ ያየው ችግር እውነተኛ ነበር። ከአገሪቱ ልጆች አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ለጥቂቶች የሚወጣው ገንዘብ ግን ብዙ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አራት የትምህርት ዓመታት ለብዙኃኑ እንዲዳረሱ፣ የላይኛው ደረጃ ዕድገት ደግሞ እንዲገታ አሳሰበ። በዚህ ሐሳብ ላይ አስተዋይ ሰዎች ከሁለት ወገን ቆመው ሊከራከሩበት በተገባ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ ጊዜ አላገኘም። ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. ማለቂያ ተጠናቅቆ ሳለ ሙሉው ሪፖርት እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ አልወጣም።

ሰነድ ሲሸሸግ ወሬ ይወልዳል። «የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ሊቀር ነው» ተባለ፤ መምህራንም ለደመወዛቸው ሠጉ። በአዲሱ አሠራር መሠረት ክፍል ገብተው የሚያስተምሩት እነርሱ ሆነው ሳለ ነገሩን የሰሙት እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ በጭምጭምታ ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያኑ ዕለት ባለታክሲዎች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አድማ መቱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት ዕቅዱን አቆየው፤ በዚያው ወርም የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አንድ የትምህርት ጥናት መንግሥት ጣለ አንልም፤ የመሬቱ፣ የረኃቡና የኑሮ ውድነቱ ጉዳይ ነበርና። ይሁን እንጂ ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ ተሸሽጎ የቆየ ሪፖርት መሆኑን ታሪክ መዝግቦታል። ሰውን ሳይሰሙ ማጥናትና ያጠኑትን መሸሸግ እንዲህ ያለ ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚያ ወዲህም ኮሚሽን አልተለየንም። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1101 የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን፣ በአዋጅ ቁጥር 1102 የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1265 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቋሙ። በ2010 ዓ.ም. ማለቂያ የትምህርት ፍኖተ ካርታው ረቂቅ ለመምህራን ውይይት ቀርቦ ነበር፤ ሳይጸድቅ በፊት መቅረቡ ከ1964ቱ አሠራር በእርግጥ ይሻላል። እነዚህን ሁሉ ማወደስም ማውገዝም ቀላል ነው። እኛ የምንለው ግን በሦስቱ ጥያቄዎች እንመዝናቸው ነው። ማንን ሰሙ? ምን አሳተሙ? ማን፣ በየትኛው ቀን መለሰላቸው? ለእነዚህ መልስ ፍለጋ የፖለቲካና የሕግ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ቢጽፉ ለአገር ይጠቅማሉ።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንደኛው፣ «ሁሉ ነገር በአደባባይ ከሆነ ባለሙያ ደፍሮ አይናገርም» የሚል ነው። እውነትነት አለው። አባላት ሐሳባቸውን በዝግ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ የምስክሮች ቃልና የመጨረሻው ሪፖርት ግን የሕዝብ ነው። ስሙ እንዳይገለጥ የሚጠይቅ ምስክር ስሙ ይሸሸግለት፤ ሪፖርቱ ግን አይሸሸግ። ሁለተኛው፣ «የመረጥነው መንግሥት እያለ ያልተመረጠ ኮሚሽን ሊያዝዘው ነውን?» የሚል ነው። ኮሚሽን ይዘዝ አላልንም። ባለሥልጣኑ እምቢ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን እምቢታውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱና በቀኑ ይንገረን። ዝምታ መልስ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ጉዳዩ ከደጃችን ስለ ደረሰ ነው። የተማሪዎችን መኝታና ምግብ የሚያጠና ኮሚቴ በግቢያችን ሊቋቋም መሆኑንና ማኅበራችንም ሁለት ተወካዮች እንዲልክ መጠየቁን አንባብያን ሰምታችኋል። ከመካከላችን «አንሄድም» የሚሉ አሉ፤ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ ስማችንን ለማድመቂያ ነው የፈለጉት ይላሉ። «የተገኘውን ወንበር እንያዝ» የሚሉም አሉ። እኛ ግን እንሂድ፣ ይሁን እንጂ ሦስቱን ቃል ሳናስገባ አንቀመጥ እንላለን። ሜሪ ድራየር ከኮሚሽኑ ወንበር ባትቀመጥ ኖሮ የሴት ሠራተኞቹ ወገን አባል አይኖረውም ነበር፤ ኮሚሽኑም የመጥራት ሥልጣን ባይሰጠው ኖሮ የእርሷ መቀመጥ ብቻውን ምንም ባልፈየደ።

ስለዚህ ማኅበራችን እነዚህን እንዲጠይቅ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ኮሚቴው በምግብ አዳራሹና በየመኝታ ሕንፃው ግልጽ ስብሰባ እያደረገ ተማሪውን ይስማ፤ ድስቱን የሚያውቁት የወጥ ቤት ሠራተኞችም ያለ ሥጋት ቃላቸውን ይስጡ። ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ ከተፈረመ በ15 ቀን ውስጥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ቅጂውም በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ አስተዳደሩ በ30 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሐሳብ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። ገንዘብ የለም ከሆነም የለም ይበል፤ የስንት ብር ጉድለት እንደሆነ እንወቀው። ተወካዮቻችንም በየሁለት ሳምንቱ ለማኅበሩ ያስረዱ፤ ባልተስማሙበት ነገር ላይ ልዩነታቸውን በሪፖርቱ ውስጥ አጽፈው ይፈርሙ።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ቃል አለን። መንግሥት ኮሚሽን ሲያቋቁም ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የእናንተን ስም ነው፤ ጥናቱን በሕዝብ ዘንድ የሚያስከብረው እርሱ ነውና። የሹመት ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ስለ አበሉ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁልን። በመሳቢያ ሊቆለፍበት በተወሰነ ሪፖርት ላይ የምሁር ፊርማ ማኖር ዕውቀትንም ፈራሚውንም ያዋርዳል።

እኛ ተማሪዎችም ከወቀሳ ነጻ አይደለንም። ግልጽ ስብሰባ ጠይቀን አዳራሹ ባዶ ከሆነ፣ ሪፖርት ይለጠፍ ብለን የሚያነበው ከጠፋ፣ ባለሥልጣኑ ዝም ቢል ምን ይፈረድበታል? ተወካዮቻችን የሚመረጡት በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሁላችሁም ተገኙ፤ ስትመርጡም በሰዎቹ ስም ብቻ ሳይሆን በሦስቱ ቃሎች ላይም ድምፅ ስጡ። የሪፖርቱ ቀን ሲደርስ ደግሞ በሰሌዳው ፊት እንገናኝ።

ዝግጅት ክፍሉ